ዕዳ የነበረች ግሥ

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ አንዲት ሰንጠረዥ እንደ ዳዊት በቃላችን ደግመናል፤ «አይ ሻል፣ ዩ ዊል፣ ሂ ዊል፣ ዊ ሻል፣ ዜይ ዊል»። ከ«አይ»ና ከ«ዊ» ጋር ለምን «ሻል»፣ ከሌሎቹ ጋር ለምን «ዊል» እንደሚሆን የነገረን የለም፤ የጠየቀም የለም። ሕግ ነው ተባለ፣ ሕግ ሆኖ ቀረ። ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ ያሰብነው ያቺን ሰንጠረዥ ለማስረዳት ብቻ አይደለም። «ሻል» የምትባለው ትንሽ ግሥ ከሰዋስው መጽሐፍ ወጥታ፣ ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጀርባ ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ውስጥ ገብታ ምን እንደ ሠራችና ምን ሳትሠራ እንደ ቀረች ለማየት ነው። ከነዚህ አንዱ በኛው ደጅ የደረሰ ነውና ነገሩ የሰዋስው ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። (ዓመቶቹ የኛ ናቸው ካላልን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥሯ እንጀምር። ከሺህ ዓመት ግድም በፊት ይነገር በነበረው በአሮጌው እንግሊዝኛ ይህች ግሥ «ሼአል» ትባል ነበር፤ የወደፊት ጊዜ አመልካችም አልነበረችም። «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበረች። ገንዘብም ይሁን እህል፣ ግብርም ይሁን አገልግሎት፣ ሰው ሊከፍለው የሚገባውን ሁሉ ትሸከም ነበር። በ1000 ዓ.ም. አካባቢ ወንጌል ወደዚያ ቋንቋ ሲመለስ፣ በሉቃስ 16 ላይ ያ ብልጥ መጋቢ የጌታውን ባለዕዳዎች እየጠራ ስንት ስንት እንዳለባቸው የሚጠይቅበት ቦታ የተጻፈው በዚችው ግሥ ነው። ጀርመኖች ዘመዷን እስከ ዛሬ ይዘዋታል፤ «ሹልድ» ሲሉ ዕዳም ማለታቸው ነው፣ በደልም ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ፈገግ ሳይል አያልፍም፤ እኛም ያንኑ መንገድ ሄደናልና። «ለባለሱቁ አምስት ብር አለብኝ» እንላለን። «ነገ ፈተና ስላለ ማጥናት አለብኝ» እንላለን። ግሡ አንድ፣ ቅጥያው አንድ። አምስቱ ብርም ጥናቱም በላያችን ተጭኖ ያደረ ነገር ነው። ገንዘቡን የሚጠብቀው ባለሱቅ ደግሞ በበኩሉ «ይገባኛል» ይላል፤ በፍርድ ቤት ደጃፍም የሚቆመው «ይገባኛል ባይ» ነው። እንግዲህ በአማርኛ ባለዕዳው በ«አለብኝ»፣ ባለገንዘቡ በ«ይገባኛል» ይተያያሉ ማለት ነው።

ከእንግሊዝኛው የምንለይበት አንድ ነገር ግን አለ፤ በኋላ ስለምንፈልገው አንባቢ ይያዝልን። አማርኛው «አለ» ብሎ አያቆምም፤ ሸክሙ በማን ላይ እንዳረፈ በዚያው ቃል ውስጥ ይናገራል፦ አለብኝ፣ አለብህ፣ አለባት፣ አለባቸው። «ሻል» ግን ድሮ ለ«አንተ» የነበራት ቅርጽ ከጠፋ ወዲህ ለሁሉም አንድ ናት፤ ለሰውም፣ ለመንግሥትም፣ ለድንጋይም። በላዩ ያለበት ማን እንደሆነ ከሷ አይሰማም፤ ከዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይፈለጋል። ባለቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ባለዕዳው አይደለም።

አሮጌው እንግሊዝኛ ለወደፊት ጊዜ የራሱ የግሥ ቅርጽ አልነበረውም። ስለዚህ ከሁለት ግሦች ተበደረ። አንዷ «ዊል» ናት፤ «እፈልጋለሁ፣ እሻለሁ» ማለት ነበረች። ሁለተኛዋ ባለዕዳዋ «ሻል» ናት። ነገ የሚሆነው ወይ የምፈልገው ነው፣ ወይ ያለብኝ ነው እንደማለት። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጆን ዊክሊፍ ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን ከላቲን ሲተረጉሙ፣ ላቲኑ በወደፊት ጊዜ ለተናገረው «ሻል»ን አስገቡ፤ «ዊል»ን ላቲኑ «መፈለግ» ላለበት ቦታ አስቀሩ። በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም ዐሥርቱ ትእዛዛትን የጻፈው በዚችው ግሥ ነው። በግዕዝ «ኢትቅትል»፣ በአማርኛ «አትግደል» የምንለው በእንግሊዝኛው «አትገድልም» እንደማለት ሆነ። ትእዛዝ ነው ወይስ ስለ ነገ የተነገረ ወሬ? በአማርኛ «አትግደል» እና «አትገድልም» ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አያምታቱም። በእንግሊዝኛው ግን ሁለቱ በአንዲት ቃል ውስጥ ተጋብተው ይኖራሉ። ሕግ ጻፊዎች «ሻል»ን የወደዷት በዚህ ይመስለናል፤ የሲና ተራራ ድምፅ አላት።

ሰንጠረዧን የሠራልን ሰው ደግሞ፣ የሚገርመው፣ የሒሳብ ሊቅ ነው። ጆን ዋሊስ ይባላል፤ በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር ነበር። ዛሬ ወሰን ለሌለው ነገር የምንጽፈውን ያን የተጋደመ ስምንት የሚመስል ምልክት በ1655 ያስገባው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1653፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ነው፤ ለማን ቢሉ ቋንቋውን ለሚማሩ የውጭ አገር ሰዎች። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በአንደኛ መደብ «ሻል» የሚሆነውን መናገር ብቻ ነው፤ «ዊል» ግን ቃል መግባት ወይም ማስፈራራት ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ዊል» መናገር ብቻ፣ «ሻል» ቃል መግባት ወይም ማስፈራራት። ምክንያትም አይጠፋለትም። ሰው ስለራሱ «እፈልጋለሁ» ካለ ፈቃዱን ገለጠ፤ ስለሌላው «አለበት» ካለ ግን ጫነበት።

የሒሳብ ሰው ያምርበታል፤ እንደ ቀመር ነው። በሚቀጥለው መቶ ዓመት ሌሎች ሰዋስው ጻፊዎች ቀመሩን አስፋፉት፤ በ1795 የወጣው የሊንድሌይ መሪ መጽሐፍ ደግሞ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አስገባው። ደንቡን የማያውቅ መሳቂያ ሆነ። በዚያን ዘመን በሰፊው የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። አንድ አየርላንዳዊ (ሲሻቸው ስኮትላንዳዊ፣ ሲሻቸው ፈረንሳዊ ያደርጉታል) ወንዝ ውስጥ ወድቆ ሊሰጥም ሲል ይጮሃል። «ልሰጥም ነው፣ የሚያድነኝ የለም» ማለቱ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱን ግሦች አቀያይሮ «ለመስጠም ቆርጫለሁ፣ ማንም እንዳያድነኝ» አለ። ዳር የቆሙት እንግሊዛውያንም ፈቃዱን አክብረው ዝም አሉት ይባላል። ቀልዱ እንግሊዝን ነው ወይስ አየርላንድን የሚያማ? እኛ ዳር ቆመው ሰዋስው ሲያርሙ የነበሩትን ነው የታዘብነው።

ደግሞስ እንግሊዞቹ ራሳቸው መቼ ጠበቁት? በ1925 ቻርልስ ፍራይስ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ተመራማሪ ካለፉት ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመታት ግድም የተጻፉ የእንግሊዝኛ ቲያትሮችን አገላብጦ ሰዎቹ በአፋቸው ምን እንደሚሉ ቈጠረ። ከ«አይ» ጋር «ዊል» በርክቶ ተገኘ። ሰንጠረዧ የንግግሩ መልክ አልነበረችም። ጦርነትም መጥቶ አፈረሳት። ቸርችል ሰኔ 4 ቀን 1940 በባሕር ዳርቻውም በሜዳውም እንደሚዋጉ ለፓርላማው ሲናገር፣ ጄኔራል ማክአርተር በመጋቢት 1942 ከፊሊፒንስ ወጥቶ እንደሚመለስ ሲናገር፣ ሁለቱም የተጠቀሙት በ«ሻል» ነው። በዋሊስ ደንብ ከሄድን ሁለቱም የአየር ሁኔታ እንደሚተነብይ ሰው ነው የተናገሩት። የሰማቸው ግን መሐላ ሰማ። ማክአርተርም በጥቅምት 1944 ሌይቴ ደሴት ላይ ወረደ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅም አለበት። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሕግ ጽሑፍ ነው።

በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «ሻል»ን ከመቶ ጊዜ በላይ ይጠራታል። አንዳንዴ ታዛለች፣ አንዳንዴ ትፈቅዳለች፣ አንዳንዴ አንድ መሥሪያ ቤት መቋቋሙን ታውጃለች፣ አንዳንዴም «ይህ ሲሆን» ለማለት ብቻ ትገባለች። በ1840ዎቹ ጆርጅ ኩድ የሚባል እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ስለ ሕግ አጻጻፍ ሲጽፍ ይህን ታዘበና አንድ ቀላል ነገር ጠየቀ። ሕግ ሲታዘዝ የሚታዘዘው ሰው ማን ነው? በዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቦታ የሚቀመጠው ያ የሚታዘዘው ሰው ይሁን፤ «ሻል»ም ከሱ ጋር ብቻ ትጻፍ፤ ለወደፊት ጊዜና ለሌላው ነገር አትጻፍ። አየህ፣ ኩድ የሚለው በኛ ቋንቋ «አለ» ብለህ አታቁም፣ «አለበት» በል ነው።

ብዙዎች አልሰሙትም። ፍርድ ቤቶችም ግሥዋን እንደ ፈለጉ ይተረጉሟት ጀመር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1877 በአንድ የምድር ባቡር ኩባንያ ጉዳይ፣ ሕጉ በመንግሥት ላይ «ሻል» ሲል ሌላ ሐሳብ እንዳለው ካልታወቀ በቀር «ሜይ» እንዳለ፣ ማለትም «ይችላል» እንዳለ ይቆጠር አለ። ተመልከቱ እንግዲህ! ዕዳዋ በድሃው ላይ ሲሆን ዕዳ ናት፤ በመንግሥት ላይ ሲሆን ፈቃድ ናት።

ይህ የድሮ ነገር ነው እንዳይባል በኛ ዘመን የሆነውን እንጥቀስ። በኮሎራዶ ግዛት ካስል ሮክ የምትባል ከተማ አለች። አንዲት እናት ከተለየችው ባሏ እንዲጠብቃት ፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ ሰጥቷት ነበር። የትእዛዙ ጀርባ ለፖሊስ የተጻፈ ማስታወቂያ አለበት፤ ትእዛዙን ለማስከበር ማናቸውንም ተገቢ መንገድ «ሻል» ተጠቀሙ፣ የጣሰውን «ሻል» ያዙ ይላል። ኩድ ያለው ሁሉ ተሟልቷል፤ ባለቤቱ ፖሊሱ ነው፣ ሥራው መያዝ ነው፣ ግሡ «ሻል» ነው። ሰኔ 22 ቀን 1999 ወደ ምሽት ላይ አባትየው ሦስት ሴቶች ልጆቿን ከቤት ደጅ ወሰደ። እናትየዋ ፖሊስ ጠራች፤ ደጋግማ ደወለች፤ በስልክ አግኝታው የት እንዳሉም ነገረቻቸው። እስከ አራት ሰዓት ጠብቂ ተባለች፤ ቀጥሎ እስከ እኩለ ሌሊት። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ራሷ ጣቢያ ድረስ ሄዳ አመለከተች። ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሰውየው ራሱ ጣቢያው ደጃፍ መጥቶ ተኩስ ከፈተ፤ ተገደለ። ሦስቱ ልጆች መኪናው ውስጥ ተገድለው ተገኙ።

ከተማይቱ ተከሰሰች። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሰኔ 27 ቀን 2005 በ7 ድምፅ በ2 ተፈረደ። ዳኛ ስካልያ በጻፉት ፍርድ፣ ፖሊስ መቼ ማንን እንደሚይዝ በራሱ አስተያየት መወሰኑ የቆየ ልማድ ነውና፣ ያን ልማድ የሚሽር እውነተኛ ግዴታ ለመፍጠር ከ«ሻል» የበረታ ምልክት ያስፈልግ ነበር ተባለ። በ2011 የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ኮሚሽን መንግሥቱ የእናትየዋንና የልጆቹን መብት አፍርሷል ብሎ አስታወቀ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ግን ባለበት አለ። እኛ ሕግ አልተማርንም። ነገር ግን አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ «አለብህ» ስትል የኖረች ግሥ ጉልበት ካነሳት፣ የትኛው ቃል ይበቃ ነበር ብለን እንጠይቃለን።

አሁን ወደኛው ቤት እንመለስ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ቁጥር 390 የሆነውን ውሳኔ በ46 ድምፅ ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞ፣ በ4 ድምፀ ተዓቅቦ አሳለፈ። ከኢጣልያ እጅ የወጣችው ኤርትራ ምን ትሁን ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። አራቱ ኃያላን በ1947ቱ የሰላም ውል፣ ራሳቸው መስማማት ካልቻሉ ጉባኤው የሚሰጠውን ምክር ለመቀበል ቃል ገብተው ነበር። ስለዚህ የውሳኔው ዐዋጅ ነክ ክፍል የሚጀምረው «ይመክራል» በሚል ግሥ ነው። ተከትሎ የሚመጣው አንደኛው አንቀጽ ግን ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረች ራስ ገዝ አካል «ሻል» ይላል። ምክሩ በዕዳ ግሥ ተጻፈ። «እንመክራለን፦ አለበት» እንደማለት ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ደግመን እናንብበው። ባለቤቱ ማነው? ኤርትራ። ዕዳው የማን ነው? ኤርትራማ ራሷን ራስ ገዝ አድርጋ ለማቆየት ብቻዋን ምን ልታደርግ ትችላለች? የራስ ገዝነቷ መኖር አለመኖር በአዲስ አበባው መንግሥት እጅ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎም ውሳኔውን ባሳለፉት መንግሥታት እጅ። እነሱ ግን በዚያ አንቀጽ በባለቤት ቦታ የሉም። ኩድ በ1840ዎቹ የፈራው ይህን ነበር፤ ግሥዋ የምትታዘዘው ሸክሙን መሸከም ለማይችለው ነው። አማርኛው «ትሆናለች» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትክክልም ነው። ትሆናለች! ማን ያደርጋታል?

አምስተኛውን አንቀጽ ደግሞ ተመልከቱ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በእኩል ቁጥር የተውጣጡ እንደራሴዎች ያሉበት የንጉሠ ነገሥቱ የፌዴራል ምክር ቤት በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ «ሻል» ይሰበሰባል፣ ስለ ጋራ ጉዳዮችም «ሻል» ይመክራል ይላል። ማን ይጠራው? ምክሩንስ ማን ይቀበል ዘንድ ግድ አለበት? አንቀጹ ስለዚህ አይናገርም። ምክር ቤቱም የረባ ሥራ ሳይሠራ ከሰመ። «በዓመት አንድ ጊዜ» የምትለዋ ቃል ግን እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ አለች።

የተባበሩት መንግሥታት የላካቸው ኮሚሽነር የቦሊቪያው ሰው ኤድዋርዶ አንሴ ማቲየንሶ ነበሩ። የኤርትራ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ሐምሌ 10 ቀን 1952 ተቀበለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 11 ቀን አጸደቁት፤ በመስከረም (በኛ 1945 መባቻ) ፌዴሬሽኑ ጸና። ኮሚሽነሩ በመጨረሻው ሪፖርታቸው፣ ሥራው ቢፈጸምም ውሳኔው ዓለም አቀፍ ሰነድ ሆኖ እንደሚኖርና ከተጣሰ ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሊመለስ እንደሚችል ጽፈዋል። ሊመለስ እንደሚችል! እዚህ ላይ ግሡ ከ«ሻል» ወርዶ «ይችላል» መሆኑን ልብ ይሏል።

የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። በ1958 የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ። በ1960 «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 (በፈረንጅ ኅዳር 14 ቀን 1962) ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ጠቅላላ ጉባኤው ጉዳዩን አላነሣውም፤ አንድም መንግሥት ተነሥቶ «ይህ ሻል የማን ዕዳ ነበር?» አላለም። አስቀድሞ በ1961 የተጀመረው ጦርነት እስከ 1991 ቆየ፤ በሚያዝያ 1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ጦርነቱን ግሥ አመጣው አንልም፤ እንዲህ የሚል ሰው ታሪክ አያውቅም። ግን ሠላሳ ዓመት በሁለቱም ወገን የሞተው ልጅ ቁጥር ሲታሰብ፣ በዚያ ወረቀት ላይ ባለዕዳው በስሙ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የሚጠየቅ ይኖር ነበር እንላለን።

ውጫሌንስ ለምን ዘለላችሁት የሚለን አይጠፋም። ውጫሌ የእንግሊዝኛ ጉዳይ ስላልሆነ ነው እንጂ ወንድም ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 (የኛ) በተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይቻላቸዋል» አለ፤ የኢጣልያንኛው ግሥ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ተስማምተዋል፣ ግድ አለባቸው ወደማለት ተተረጐመ። ያኔ ችግሩ ሁለት ቋንቋ ሁለት ግሥ መያዙ ነበር። ምኒልክም በግልጽ ተጣሉ፤ ውሉን በ1893 አፈረሱ፤ ዐድዋ በ1896 መጣ። የኤርትራው ግን አንድ ቋንቋ፣ አንዲት ግሥ ነበረች፤ እንዲያም ሆኖ ትርጉሟን እያንዳንዱ ለራሱ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ያሉ ዲፕሎማቶች ግን ብልጥ ሆነዋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 በፓሪስ አጠገብ በለ ቡርዤ የሆነውን እንይ። ሁለት መቶ ያህል መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ለሁለት ሳምንት ሲከራከሩ ሰንብተው የመጨረሻው ረቂቅ ታተመ። የአሜሪካ የሕግ ሰዎች ሲያነቡ በአራተኛው አንቀጽ አራተኛ ንኡስ ቁጥር ላይ አንዲት ቃል አገኙ። ባለፉት ረቂቆች ያደጉ አገሮች ብክለትን በመቀነስ ግንባር ቀደም መሆንን «ሹድ» ይቀጥላሉ የሚል ነበር፤ አሁን «ሻል» ሆኗል። በኛ ቋንቋ «ሊቀጥሉ ይገባቸዋል» የነበረው «መቀጠል አለባቸው» ሆነ ማለት ነው። ለታዳጊ አገሮች የተጻፈው ዓረፍተ ነገር «ሹድ» እንደሆነ ቀርቷል።

የነሱ ፍርሃት ግልጽ ነው። «ሻል» ከሆነ አዲስ ሕጋዊ ግዴታ ነው፤ ግዴታ ከሆነ ለሴኔቱ መቅረብ አለበት፤ በሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደማይገኝ ሁሉም ያውቃል። ጆን ኬሪ ይህ ካልተለወጠ አሜሪካ እንደማትገባ አስታወቁ። ስብሰባው ዘገየ፤ አዳራሹ በሹክሹክታ ተሞላ። በመጨረሻ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ተነሥተው የጽሑፍ እርማቶች ብለው አነበቡ፤ ነጠላ ሰረዝ እዚህ፣ ቁጥር እዚያ፣ በመካከሉም «ሻል» የነበረው «ሹድ» ይባል አሉ። ሊቀ መንበሩ የፈረንሳዩ ሎራን ፋብዩስ መዶሻቸውን መቱ። አለቀ። ኒካራጓ ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ ስትናገር መዶሻው ከወረደ በኋላ ነበር።

«ሹድ» የ«ሻል» ልጅ እንኳ አይደለችም፤ ራሷ ናት፣ በኃላፊ ጊዜ ቅርጿ። ዕዳው «ነበረ» ሲባል እንደሚለዝበው ነው። አሜሪካም ለሴኔት ሳትሄድ በ2016 ገባች፤ በ2020 ወጣች፤ በ2021 ተመለሰች፤ በጥር 2025 ደግሞ ለመውጣት ተወሰነ። ታዲያ «ሻል» ሆና ብትቀር ይሻል ነበር? ይህን ለማለት ወኔ የለንም። የ1997ቱ የኪዮቶ ስምምነት ላደጉ አገሮች በ«ሻል» የተጻፈ ነበር፤ አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችውም፤ ካናዳ አጽድቃ በ2011 መውጣቷን አስታወቀች። ኢትዮጵያ ከፓሪስ በፊት በ2015 ባቀረበችው ሰነድ እስከ 2030 ድረስ ሊመጣ ከሚችለው ጭስ 64 በመቶ ለመቀነስ አስባለች፤ ከውጭ የሚመጣ ርዳታ እንደሚያስፈልግም ጨምራ ተናግራለች። የርዳታው ግሥ የትኛዋ እንደምትሆን የሚወስነው ሌላው ነው።

ዛሬ ሕግ ጻፊዎች «ሻል»ን እየሸሿት ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1993 የወጣውን ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት በ«ሻል» ጽፋ፣ በ1996 በወጣው ግን «መስት»ን ተካች፤ «ግድ አለበት» ማለት ነው፣ ስለ ነገ አትተነብይም። የአሜሪካ ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ በ2007 እንደገና ሲጻፍ «ሻል» ተጠርጋ ወጣች። የእንግሊዝ ረቂቅ ጻፊዎችም አይፈልጓትም። ከኛ ዘንድ ግን ገና እንግድነቷ አላለቀም። ከ1942 ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተም ኖሯል፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ «ሻል» በየመስመሩ ናት። በአማርኛው ዓምድ ደግሞ በሷ አንጻር የሚገኘው አንድ ቃል አይደለም። «ይቀጣል» አለ፣ «ይቆጠራል» አለ፣ «አለበት» አለ፣ «ይሆናል» አለ። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደ ተወለደ «ይቆጠራል» ይላል፤ እንግሊዝኛው «ሻል» ይላል። እዚያ ማንም አልታዘዘም፤ ሕጉ ነገሩን መናገሩ ብቻ ነው። አማርኛው በዚህ ይበልጣል ብንል አድልዎ አይሆንብንም።

«ይሆናል»ን ግን እንፈራታለን። «ሊቀ መንበር ይሆናል» ስንል ሕግ ነው፤ «ይመጣ ይሆናል» ስንል ጥርጣሬ ነው። አንድ ቃል ሁለት ቤት ያድራል፤ ልክ እንደ «ሻል»። ተማሪ ሆነን የዐዋጅ ትርጉም ስንሠራ «ሻል» ባየን ቊጥር «ይሆናል» እያልን ከመሄዳችን በፊት፣ ይህች ትእዛዝ ናት ወይስ መግለጫ፣ ትእዛዝ ከሆነችስ በማን ላይ ብሎ መጠየቅ አይከፋም። በላዩ ያለበት ሰው ከታወቀ «አለበት» ተገኘ ማለት ነው።

በ1995 በወጣው ሕገ መንግሥት በ106ኛው አንቀጽ፣ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ እንደሆነ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ይህንን ሲናገር «ሻል» ይላል። አማርኛው «ነው» ይላል።